እጅ ወገብ ላይ

መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚያድሩበት ትምህርት ቤት አሥራ አራት ዓመት የሠራች አንዲት ሞግዚት አለች። ትንንሾቹ ያራሱትን ፍራሽ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ተሸክማ ፀሐይ ላይ ስታሰጣ ወገቧ ለቀቀ። ሆዷ የሰው ወሬ አያሳድርም፤ ይህን ግን ለባሏም አልተነፈሰችም። አዲሱ ርእሰ መምህር የታመመ ሠራተኛ ያሰናብታል ተብሎ ተወርቷል፤ ከልጆቿ መለየት ደግሞ ለሷ ሞት ነው።

አንድ ጠዋት ርእሰ መምህሩ መኝታ ክፍሉን ሊያይ መጣ። እሷ እንደ ምሰሶ ቀጥ አለች። ልጆቹ ግን ገና ሲያዩዋት፣ ሁሉም እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው ፊታቸውን ጭምድድ አደረጉ።

"ምን እያሉ ነው፣ እትዬ?"

"ጭፈራ እየተለማመዱ ነው፣ የኔ ጌታ!"

አብራው የመጣችው የምልክት ቋንቋ አስተማሪ ሳቋ አመለጣት። "ኧረ የእትዬን ስም እየጠሩ ነው! ልጆቹ ለሁሉም ሰው ከሚያዩበት ነገር ተነስተው በምልክት ስም ያወጣሉ። እሳቸውን እንዲህ ሲጠሩ አራት ዓመታቸው።"

ሞግዚቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

"ለኔስ ምን አወጡልኝ?" አለ ርእሰ መምህሩ።

አንዷ ልጅ ሁለት እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ደረቷን ነፋች።

ሰውዬው የገዛ እጆቹን አየ፤ ኪሱ ውስጥ ናቸው። ቀስ ብሎ አወጣቸውና የአንዱን ፍራሽ ጫፍ ያዘ።

"ያንን ጫፍ ይያዙልኝ፣ እትዬ። ከዛሬ ጀምሮ ፍራሽ የሁለት ሰው ሥራ ነው።"

በሳምንቱ ወገቡን ይዞ መጣ። ልጆቹም ስሙን ቀየሩለት፤ ከሷ እንዳይምታታም "ትንሹ" የሚል ጨመሩበት።