ጭስ ያልታየበት ቅዳሜ

ልጇ ዳርሊን ከዲትሮይት ስትደውል መጮህ ልማዷ ስለሆነ፣ ኢርያ ካንጋስ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ነው የምትይዘው። የዚያን ቀንም እንዲሁ ይዛ በወጥ ቤቱ መስኮት በረዶውን እያየች ታዳምጣለች።

«እማዬ፣ ስሚኝ እንጂ። የምትፈልጊያቸውን ፊልሞች እኔ በኮምፒውተር እመርጥልሻለሁ። እነሱ ሦስት ሦስት ዲቪዲ በፖስታ ይልኩልሻል። አይተሽ ስትጨርሺ በመጣበት ፖስታ መልሰሽ ሳጥንሽ ውስጥ ማስገባት ነው። ፖስተኛዋ ትወስደዋለች፣ ሌላ ይመጣል። ከደጅሽ አትወጪም።»

«ሬይኖ ጋ እኮ ፊልም አለ።»

«ሬይኖ ትል የሚሸጥ ሰው ነው፣ እማዬ።»

«ትልም ይሸጣል፣ ፊልምም ያከራያል። እጁን ታጥቦ ነው የሚሰጠኝ።»

ዳርሊን አልሳቀችም። «በዚያ በረዶ ለአንድ ፊልም ብለሽ ስትነጂ አንድ ቀን ቦይ ውስጥ ትገቢና ማንም አያይሽም። የልደትሽ ስጦታ ይሁንልሽ፤ ከፋይዋ እኔ ነኝ። እስከ እሑድ አስቢበት።»

«አስባለሁ» አለች ኢርያ።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን «ማንም አያይሽም» የምትለዋ ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አለች። ዳርሊን አታውቀውም እንጂ የነገሩ ሁሉ መቋጠሪያ እዚያ ላይ ነበር።

ኢርያ የኖረችው ከሱፒሪየር ሐይቅ ብዙም በማይርቅ፣ ፊንላንዳውያን አያቶች ደን መንጥረው ባቀኑት መንደር ጥግ ነው። የመዳብ ማዕድኑ ሲዘጋ ወጣቱ ሁሉ ወደ ደቡብ ነጎደና፣ የቀሩት ሽማግሌዎችና አጋዘኖች ብቻ ሆኑ። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሥጋና ድንች የተጠቀለለበት ፓስቲ ስትጋግር ኖራ ጡረታ ወጣች። ባሏን የማዕድኑ አቧራ ሳንባውን በልቶ ገደለው። ከዚያ ወዲህ ሳምንቷን የሚያቆሙት ሁለት ምሰሶዎች ናቸው፤ አርብ የሬይኖ ሱቅ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሳውና፣ ማለትም በጓሮዋ ያለው በእንጨት እሳት የሚግል የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት።

የሬይኖ ሱቅ ነዳጅ ማደያም ነው፣ የዓሣ ማጥመጃ ትል መሸጫም ነው፣ በኋላው ግድግዳ ደግሞ የፊልም ቤት ነው። ፊልም ዘግይቶ የመለሰን ሰው ሬይኖ ሃርዩ አይቀጣም። ይደውልለታል። «የተጣበቀው ፊልሙ ነው ወይስ አንቺ?» ይላል። ኢርያም «ፊልሙ ነው፣ እኔ ገና እንቀሳቀሳለሁ» ትለዋለች። ይኸው ነው ጨዋታቸው።

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ግን የተጣበቀችው እሷ ነበረች። የሳውናውን ምድጃ አመድ ልትደፋ ወጥታ፣ በረዶ የጋገረው ደረጃ አዳለጣትና ዳሌዋ ተመታ። መነሳት አቃታት። በአመድ መያዣው ባልዲ ክዳን ደረጃውን እየመታች ጮኸች፤ የሰማት ቁራ ብቻ ነው። ጣቶቿ ሲደነዝዙ፣ ዕለቱ አርብ መሆኑና የሬይኖ ፊልም ቴሌቪዥኑ ላይ መቀመጡ ብቻ ነበር ተስፋዋ። ሬይኖ ደውሎ መልስ ሲያጣ ሱቁን ዘግቶ መጣ። አጎንብሶ አያትና ካፖርቱን እያወለቀ «ፊልሜ የታለ?» አላት።

ለዳርሊን እንዳይነግራት አስማለችው። ዳርሊን ብትሰማ ዲትሮይት ወስዳ ከአረጋውያን ቤት እንደምታስገባት ታውቃለችና። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ፣ ልጅቱ ስለ መንገዱ አደጋ ስታወራ እናቲቱ ስለ ደረጃው ታስባለች። ፊልሙ በፖስታ ከመጣ አርብ የሚጠብቃት ማነው? ባትመለስ «ተጣበቅሽ ወይ?» ብሎ የሚደውልስ?

በሌላ በኩል ጎረቤቷ ሱሎ ፔልቶ አለ። ሱሎ በጥድ ዛፎቹ ማዶ ለብቻው የሚኖር የቀድሞ እንጨት ቆራጭ ነው። የሁለቱም የፖስታ ሳጥን ከመንገዱ ዳር በአንድ ግንድ ላይ ጎን ለጎን ተተክሏል። መኸር ላይ ሱሎ በፖስታ ለሚመጣው ፊልም ተመዘገበና አፉ አላርፍ አለ።

«የጦርነት ፊልም ብትይ፣ የፈረስ ብትይ፣ ሁሉም አለ» ብሏት ነበር ሳጥኖቹ ጋ ሲገናኙ። «የሬይኖን ፊት ሳላይ፣ ትሉን ሳላሸት። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«የሬይኖ ፊት ምን አደረገህ?»

«ምንም። ግን ከፊልሙ የበለጠ ያስፈራል።»

ከዚያ ወዲህ ኢርያ በመስኮቷ የሱሎን ሳጥን ማየት ልማድ ሆነባት። በሳጥኑ ጎን ያለው፣ የሚላክ ፖስታ ሲኖር የሚነሣው ቀይ የብረት ባንዲራ ቆሞ ካየች ሱሎ ፊልም ጨርሷል፤ ፖስተኛዋ ወስዳ ባንዲራውን ስትመልሰው ደግሞ ሌላ ሊመጣለት ነው። «አለ» ትላለች ለራሷ፣ ድንቿን እየላጠች።

ባለፈው ሳምንት አርብም ባንዲራው ተነሥቶ አይታ ነበር። አመሻሹ ላይ ወረደ። በማግሥቱ ቅዳሜ፣ የሳውናዋን እሳት አንድዳ ቀና ስትል፣ ከጥዶቹ በላይ የሱሎ ሳውና ጭስ የለም።

እንግዲህ በዚያ አገር ቅዳሜ ጭስ የማያወጣ ሳውና ያለው ሰው የለም፤ ካልታመመ ወይም ጎረቤት ካልጠራው በቀር። ጎረቤት ለጎረቤት በየተራ ሳውና መጠራራትም የአያት የቅድመ አያት ወግ ነው። የቅዳሜን ሳውና ሳይጠሩ ሄዶ ማንኳኳት ደግሞ ነውር ነው፤ ሰው ራቁቱን ነው፣ ሰላሙ ላይ ነው። ኢርያ ያንን ባዶ ሰማይ ጥቂት አየችውና «ሬይኖ ጠርቶት ይሆናል» ብላ ወደ ሙቀቷ ገባች። የዘጋችው በር እንደወትሮው ቀላል አልሆነላትም። ግን ዘጋችው።

በሳምንቱ ውስጥ ባንዲራው አንድም ቀን አልተነሣም። ኢርያ «ረጅም ፊልም ልከውለት ይሆናል» አለች።

አርብ ፊልሟን ይዛ ሬይኖ ሱቅ ሄደች። ሬይኖ ከሂሳብ መቀበያው ጀርባ ተቀምጦ የመንጠቆ ክር ይፈታል።

«መጣሽ?» አለ ቀና ሳይል። «ዛሬ ምን ላቅርብልሽ? ነፍሰ ገዳዩ ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው የሚታወቅ አንድ ፊልም አለ።»

«ታዲያ ምኑን አየዋለሁ?»

«እነሱ እስኪደርሱበት ስትስቂባቸው ታመሻለሽ።»

አልሳቀችም። የዳርሊንን ነገር ነገረችው። ሬይኖ ክሩን አስቀመጠ። ወደ ኋላው ግድግዳ ዞሮ መደርደሪያዎቹን አየ፤ ብዙዎቹ ላይ አቧራ ተኝቷል።

«ተመዝገቢ» አላት። «ከልቤ ነው። እኔን አይተሽ እንዳትቀሪ። እነዚያ የፖስታዎቹ ሱሎንም ከእኔ ሲወስዱት አልተቀየምኩም።»

«ትንሽ ተቀይመህ ነበር።»

«ትንሽ። የኔ ፊት ከፊልሙ የበለጠ ያስፈራል ብሏል አሉ።»

«ቅዳሜ ሳውና ስትጠራው ግን ታረቃችሁ ማለት ነው።»

ሬይኖ አያት። «የቱ ቅዳሜ?»

«ያለፈው። ጭስ አልነበረውም። አንተ ጋ ነበር አይደል?»

«እኔ ጋ አልመጣም» አለ ሬይኖ ቀስ ብሎ። «እኔም ሐይቁ ላይ ዓሣ ሳጠምድ ጭሱን ባጣው፣ አንቺ የጠራሽው መስሎኝ ነበር።»

የትሎቹ ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል። ሬይኖ ተነሥቶ ኮፍያውን አጠለቀና የሱቁን መብራት ሳያጠፋ ወጣ። ኢርያ ተከተለችው።

በሬይኖ ፒካፕ ሄዱ። ሳጥኖቹ ጋ ሲደርሱ ሬይኖ አቆመና ወረደ። የሰው ሳጥን መክፈት ወንጀል መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ከፈተው። ውስጡ ሁለት ስስ ፖስታዎች ተኝተዋል፤ ጫፋቸው አመዳይ ለብሷል። ሁለቱን መልሶ ሁለት ልከውለታል ማለት ነው፤ ሊወስዳቸው ግን አልወረደም። ጋዜጣ ወይም ጥቅል ቢሆን ሳጥኑን ሞልቶ ፖስተኛዋ ትጠራጠር ነበር። እነዚህ ግን ምን ቦታ ይይዛሉ?

ወደ ቤቱ የሚያስገባው መንገድ ላይ የእግር ዱካ አልነበረም። ከቤቱ ግን ሙዚቃ ይሰማል።

«አለ!» አለች ኢርያ፤ ትንፋሿ መለስ አለ። «ፊልም እያየ ነው፣ ሰማህ?»

ሬይኖ ጆሮውን አዘንብሎ ቆመ። ሙዚቃው የሆነች አጭር የመለከት ዜማ ነው፤ ከፍ ትልና ትቆረጣለች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሣለች። ከፍ ትላለች፣ ትቆረጣለች።

«ፊልም አይደለም» አለ። «ፊልሙ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ነው። ‹እንደገና ልጀምር?› ብሎ የሚጠይቀው። አንድ ሰው ቁልፍ እስኪነካለት አያቆምም።»

በሩ አልተቆለፈም፤ በዚያ አገር ማንም አይቆልፍም። ምድጃው ከሞተ ቆይቷል። የቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ብርሃን በግድግዳው ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ሱሎ በወንበሩና በስልኩ መካከል ወለሉ ላይ በጎኑ ተኝቷል። አንድ እጁ ወደ ስልኩ ተዘርግቷል። ከትከሻው ሥር ምንጣፉ ተሸብሽቦ ተከማችቷል፤ እየተሳበ ነበር ማለት ነው። ሬይኖ ተንበርክኮ አንገቱን ነካውና እጁን መለሰ። ኢርያ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ሄዳ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ዝምታው ከሙዚቃው ባሰ።

ከወረዳው የመጣው ሐኪም ዳሌው መሰበሩን ነገራቸው። ኢርያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ቅዳሜ ዕለት...»

ሐኪሙ ልብ ሊያሳርፍ ፈልጎ ነበር መሰለኝ፣ ዞር አለ። ግን እዚያ አካባቢ ተወልዶ ያደገ ነውና አልዋሸም። «ቅዳሜ በሕይወት ነበር» አላት። «ምናልባት እሑድም።»

ሱሎን ከቀበሩ በኋላ በሉተራውያኑ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ሰዎች ዳቦ ይዘው ቆመው ስለ አየሩ ሲያወሩ፣ ሬይኖ ኢርያን ወደ ጥግ ሳባት።

«የፊልም ኪራዩን ልዘጋው ነው» አላት። «ሱሎ የመጨረሻው አልነበረም፤ ግማሹ መንደር ሄዷል። ትሉንና ነዳጁን አስቀራለሁ። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።»

ኢርያ የያዘችውን ዳቦ አየችው። «እንግዲህ አርብም ሞተ በለኛ» አለች።

«አርብ ምን አደረገ?»

«ደረጃዬን ታስታውሳለህ?»

ሬይኖ አስታወሰ። አንገቱን ደፋ።

የዚያን እሑድ ዳርሊን ደወለች። ስለ ሱሎ ሰምታ ነበርና ድምጿ ለስላሳ ሆኗል። «እማዬ፣ አሁን ስለ ፊልሙ የምናወራበት ጊዜ አይደለም...»

«ነው እንጂ። እመዘገባለሁ።»

«እውነት?»

«ሦስቱን ግን አልፈልግም፤ አንድ አንድ ይላኩልኝ። ስጨርስ ደግሞ ሳጥን ውስጥ አላስቀምጠውም። አርብ አርብ ራሴ መንደር ወስጄ ለሬይኖ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ፖስታ ቤት ያደርሰዋል።»

ዳርሊን ግራ ገባት። «ነገሩ ሁሉ ከቤት እንዳትወጪ አልነበረም እንዴ? ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?»

«ጥቅሙ እዚያ ላይ ነው» አለች ኢርያ። ስለ ደረጃው ልትነግራት አፏን ከፍታ ነበር። መልሳ ዘጋችው።

ሬይኖ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ አያት። «ንግዴን የገደሉትን ሰዎች ዕቃ ተሸክሜ ላመላልስልሽ?»

«አዎ። ቅዳሜ ደግሞ ከሳውና በኋላ አብረኸኝ ታየዋለህ።»

«ፓስቲ አለው?»

«ስጋግር ነው የኖርኩት።»

የመጀመሪያው ፊልም መጣ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ኢርያ ሳውናውን ከቀትር ጀምራ አነደደችው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከጥዶቹ በላይ ያለው ሰማይ ባዶ ነው፤ የሱሎ ሳጥንም ባንዲራው ወርዶ እስከ አንገቱ በረዶ ውጦታል፤ የሚነቅለው ሰው አልተገኘም። ሬይኖ ሳይጨልም እመጣለሁ ብሏል።

ጨለመ። የሳውናው ምድጃ ድንጋዮች ግለው፣ እንፋሎት የሚያወጣውን ውሃ እየጠበቁ ነው። ወደ ሱቁ ደወለች፤ አይነሣም። ወደ ቤቱ ደወለች፤ አይነሣም። መስኮቱ ጋ ቆመች። «ምናልባት ሌላ ሰው ሳውና ጠርቶት...» የሚል ሐሳብ መጣላት፤ በዚያች ቀን በሩን የዘጋችበት ሐሳብ ነው፤ ድምፁ ሳይቀር ያው ነው። ሐሳቡን ሳትጨርሰው ካፖርቷን አጠለቀች፣ ቁልፏን አነሣች፣ የመኪናዋን መስተዋት በእጅጌዋ ጠርጋ ወጣች።

ከሳጥኖቹ ትንሽ አለፍ እንዳለች፣ አንድ መብራቱ የጠፋ ፒካፕ በረዶውን እየሰነጠቀ መጣ። ሁለቱም ቆሙ። ሬይኖ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ወዴት ነው? ሳውናው በዚህ በኩል መስሎኝ።»

«ሞተህ እንደሆነ ላይ ነው።»

«ባትሪው ነው የሞተው። እኔ ገና ነኝ።» ፊቷን በደንብ አየውና ቀልዱን ተወው። «ይኸውልሽ፣ ዛሬ አንቺ መጣሽ። ከሁለታችን አንዱ ብቻ የቀረ ዕለትስ?»

ኢርያ መኪናዋን አዙራ ከፊት ከፊት ነዳች። በኋላ ማሳያው መስተዋት የፒካፑ ብቸኛ መብራት ይከተላታል፤ መታጠፊያው ላይ ጥዶቹ ሲጋርዱት እግሯን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥታ፣ እንደገና እስኪወጣ ትጠብቃለች።