ዳገት ላይ የሰጠሁት ምስክርነት

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ገበሬው ሁሉ አውድማ ላይ የሚውልበት ጊዜ። ብዙ ነገር እየረሳሁ ይህን ያልረሳሁት ስለማላውቀው ነገር ተናግሬ ስለተሳሳትኩ አይደለም፤ እሱማ የዘወትር ሥራዬ ነው። እዚህ ላይ የተሳሳትኩት ስለማውቀው ነገር ተናግሬ ነው።

የማስተምረው ደብረ ታቦር ነው። በዚያ ቅዳሜ ከጉና ግርጌ ካለች ቀበሌ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ ገብስ ሊጭን የመጣ የጭነት መኪና አገኘሁና ጋቢና ውስጥ ቦታ ለመንኩ። ሾፌሩ አስማረ ይባላል፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ዝምተኛ ሰው ነው።

«ጭነን እስክንጨርስ ከታገሡ ምን ቸገረን፣ መምህር» አለኝ።

መኪናው የቆመው አውድማው ጠርዝ ላይ ነበር። ገበሬዎቹ እኩሌቶቹ የተጣራውን ገብስ በጆንያ ይጭናሉ፤ እኩሌቶቹ የቀረውን በመንሽ ወደ ላይ እየወረወሩ ለነፋስ ይሰጣሉ። ፍሬው እግራቸው ሥር ይወርዳል፤ እብቁን ነፋሱ ይወስደዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሞተሩ አልጠፋም፤ በሚኒሞ፣ በዝቅተኛው ዙር፣ ቆሞ ይንተከተካል።

«ለምን አታጠፋውም?» አልኩት።

«ናፍጣ ሞተር ቆሞ ቢሠራ ምን ይሆናል ብለው ነው?»

ሾፌር ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ሁሉም የሚለውን ነገር ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም። ስለዚህ ያነበብኩትን አወረድኩለት፤ ያለ ሥራ ረጅም ጊዜ የሚንተከተክ ሞተር በደንብ አይግልም፣ ናፍጣውን አሟጦ አያቃጥልም፣ ጥላሸቱ ውስጡ ይጋገራል፣ በመጨረሻ ጉልበት ያጣል። አስማረ በትሕትና ሰማኝና ጭነቱን ሊያይ ሄደ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሣን። የገብሱ ባለቤት አያ ታረቀ፣ ስልሳ ያለፋቸው ሽማግሌ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፤ እኔ መሐል ገባሁ። ሜዳውን ደህና ሄድን። ዳገቱን ስንጀምር ግን መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ መዝገም ጀመረ። አስማረ ማርሽ ቀነሰ፤ አሁንም ቀነሰ። ጥቂት እንደሄድን ሞተሩ እየሠራ መኪናው መግፋት አቃተው።

«ይኸው!» አልኩ። ደስ አለኝ ማለት ያሳፍራል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

አስማረና አያ ታረቀ ወረዱ። አስማረ ጎማው ሥር ድንጋይ ካደረገ በኋላ የናፍጣ ቱቦዎቹን ቢያይ የሚያፈስ የለም። ይህን ጊዜ ስልኩ ጠራ። የመኪናው ባለቤት እትዬ ሙሉ ከባሕር ዳር ነበሩ። ትንሽ ከተነጋገሩ በኋላ ስልኩን በመስኮት አቀበለኝ፤ «እርስዎን ነው። የተማረ ሰው አብሮኝ አለ ብያቸው።»

«መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ መኪናዬ ምን ሆነ?»

ነገርኳቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ እንደቆመ፣ ጥላሸት ሞተሩን እንደሞላው፣ ክፍል ውስጥ በማስተምርበት በዚያ በሰከነ ድምፅ።

«በቃኝ» አሉ። «ባለፈው ወርም አስጠንቅቄዋለሁ። ነገ ቁልፉን ያስረክብ።»

ስልኩ ተዘጋ። ይህንን ለአስማረ ማድረስ የእኔ ዕጣ ሆነ። አልተቆጣም።

«ሞተር የፈጀ ሾፌር ከተባልኩ ሌላ መኪና ማን ይሰጠኛል?» ብቻ አለ።

ከወደ ኋላ አያ ታረቀ ተጣሩ፤ «አንተ አስማረ! ይኼ ጺም ያበቀለው ምኑ ነው?»

ያን ጊዜ ወረድኩ። ሽማግሌው በከዘራቸው ከጋቢናው ጀርባ የቆመውን ሞተሩ አየር የሚስብበትን ቱቦ ይጠቁማሉ። የቱቦው አፍ በገብስ እብቅ ተሸፍኗል።

«አህያ እንኳ እብቁ በሚሄድበት በኩል ካሰርካት ስትስል ነው የምትውል» አሉ።

«ታዲያ ያኔ አይነግሩኝም ኖሯል፣ አያ?» አለ አስማረ።

«መኪና ይተነፍሳል ብሎ ማን ነገረኝ!»

አስማረ የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ጎማው ላይ ሲያራግፈው እብቁ በእፍኝ በእፍኝ ወረደ። ያን ጊዜም ሞተሩን አላጠፋውም። አሁንስ ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «ባትሪው ሞቷል። ካጠፋሁት አይነሣም። እትዬን ከጥቅምት ጀምሮ ለምኛለሁ» አለ። ማጣሪያውን መልሶ ገጠመ። መኪናው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ዳገቱን ወጣ።

አናቱ ላይ በአስማረ ስልክ ለእትዬ ሙሉ ደወልኩና የእብቁን ነገር ነገርኳቸው። «ተሳስቻለሁ» አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ የሰማ ሰው ካለ ባለቤቴ ብቻ ናት፤ እሷም ትጠራጠራለች።

«ታዲያ እብቁስ ቢሆን ሳያጠፋው ስለቆመ አይደል የገባ?» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። «አዎን» ብል እኔም በግማሽ ልክ እሆን ነበር፤ አልዋሽም፣ ቃሏ ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር።

«ቢያጠፋው ኖሮ አሁን አውድማው ላይ ነበርን» አልኳቸው። «ባትሪ የከለከሉት እርስዎ ነዎት።»

«እስቲ ስልኩን ለእሱ ይስጡት» አሉ። አስማረ እያዳመጠ «እሺ እትዬ፣ እሺ» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ነገ ባትሪ ልገጥም ነው» አለን።

አያ ታረቀ «ተመስገን!» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ደብረ ታቦር ሲያወርደኝ ይወቅሰኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣ «መምህር፣ ያ የጥላሸት ነገር ውሸት ነው ማለት ነው?» አለኝ፤ ከልቡ ማወቅ ፈልጎ።

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን አልሆነም?»

ጥላሸት ሞተር የሚያደክመው በወራት እንጂ በአንድ ከሰዓት እንዳልሆነ ነገርኩት። ይህንንም አንብቤዋለሁ። እትዬ ሙሉ ሲጠይቁኝ ግን ይህን ክፍል ዘለልኩት፤ ለምን እንደሆነ አሁንም ራሴን እጠይቃለሁ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሽማግሌው ጉዳዩን ያገኙት መኪናውን አንዴ ዞረው በማየት ነው። የእኔም እግር ደህና ነበር። ጋቢናው ስለሞቀኝ አልወረድኩም።