አባቴን ወንድሜ ያደረገው አፕ

አባቴ ከሕመማቸው በኋላ ስም እያመለጣቸው ሲቸገሩ፣ የዘራችንን ሐረግ ከአፋቸው እየተቀበልሁ ስልኬ ላይ ጻፍሁት። ማስታወሻ የምይዝበት አፕ ለዚሁ ሥራ የተፈጠረ ይመስል ነበር። አባትን በአንድ መስመር፣ ልጁን ከሥሩ ገባ አድርጌ፣ የልጅ ልጁን ደግሞ ይበልጥ ገባ አድርጌ ስወርድ ማን የማን ልጅ እንደሆነ በዓይን ይታያል። ታናሽ እህቴ ከጎናችን ምስር እየለቀመች ትሰማ ነበር።

እኛ ዘንድ ዘር መቁጠር የዋዛ ነገር አይደለም። ተጋቢዎች ሰባት ቤት ካልተራራቁ ጋብቻ የለም፤ ይልቁንም አባቷ የኔታ ለሆኑ ልጅ።

ያ አፕ ሊዘጋ ነው ተባለና ማስታወሻዬን ወደ ሌላ አዛወርሁ። አዲሱ አፕ በየስሙ ፊት የነበሩትን ነጥቦች ሁሉ ኮከብ አደረጋቸው፤ በየስሙ መሐልም ባዶ መስመር ጨመረልኝ። እየተነጫነጭሁ ኮከቡን እንደ ምስር ጠጠር ስለቅም ዋልሁ። ኮከቡ ሲጠፋ ሥራው ያለቀ መሰለኝ።

ከመካነ ብርሃን ሽማግሌዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እህቴን የሚፈልጋት ልጅ የዚያ አገር ሰው ነው፤ እዚሁ ጎንደር አብረው ተምረዋል። የሁለቱ ዘር ራቅ ብሎ በአንድ አያት እንደሚገናኝ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥያቄው ስንተኛ ናቸው የሚለው ነበር። ትልቁ ሽማግሌ የልጁን ወገን በቃላቸው ቆጥረው ስምንተኛ ላይ አደረሱት። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ቸኮልሁ፤ ስልኬ ላይ የእህቴን ስም ፈልጌ መስመሩ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ብቻ ቆጠርሁ።

«አምስተኛ» አልሁ።

የአባቴ ፊት ጠቆረ። «በአምስት አይሆንም» አሉ።

«ምነው የኔታ? በእኛ ስምንት ሲሞላ በእናንተ አምስት?» አሉ ሽማግሌው። አባቴ ግን ስልኩን አመኑ፤ ራሳቸውን ማመን ካቆሙ ቆይተዋል። እንግዶቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። እህቴ ያልተጠጣውን ጠላ አነሳች። አላለቀሰችም፤ አንጀቴን የበላኝም እሱ ነው።

የሽማግሌው ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ስልኬን ከፍቼ ከላይ ጀምሬ አነበብሁ። እስከ አምስተኛው ትውልድ ሁሉም በወጉ ከአባቱ ሥር ገብቷል። ከዚያ በታች አዲሱ አፕ ወደ ውስጥ ማስገባት አይችልም ኖሯል። ቅድመ አያቴ፣ አያቴ፣ አባቴ፣ እኔና እህቴ የአንድ እናት ልጆች ይመስል እኩል ተደርድረናል። አባቴ ወንድሜ ሆነው አገኘኋቸው! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

ወደ ጓዳ ሮጥሁ።

«ተሳስቻለሁ፤ ስምንተኛ ነሽ» አልኋት።

«አውቃለሁ» አለች ብርጭቆ እያጠበች። «አባባ ሲነግሩህ እኔም እሰማ አልነበር?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አባቴ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል።

ለሽማግሌዎቹ ደወልሁ፤ መናኸሪያ ሳይደርሱ ተመለሱ። እንደገና ሲቀመጡ ስልኬን ላወጣ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድሁ። አባቴ «ተወው» አሉኝና እህቴን ጠሯት። የምትታጭ ልጅ ሽማግሌ ፊት ቆማ ዘር ስትቆጥር በአገራችን አልተለመደም።

«አንቺው ቁጠሪ» አሏት።

ከጋራ አያታችን ጀምራ ጣቷን እያጠፈች ወረደች። ድምጿ መጀመሪያ ላይ አይሰማም ነበር፤ እየቆየ ጠራ። ቅድመ አያታችንን ጠራች፤ አያታችንን ጠራች፤ አባታችን ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ስምንተኛዋ እኔ ነኝ» አለች። ያን ጊዜ አለቀሰች።