የእትዬ ሸዋረጋ የጓሮ ክፍል

እትዬ ሸዋረጋ ቤት ፈላጊ ሲመጣባቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ልጅ ነበር፤ ቀጥሎ ስለ ውሻ። አንዱ ካለው በሩን ይዘጉበታል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። መተዳደሪያቸው አንዲት የጓሮ ክፍል ነበረች። ደርግ ትርፍ ቤት ወርሶ ማከራየትን ከከለከለ በኋላ ያቺን ክፍል የሚያከራዩት "ዘመዴ ነው" እያሉ ነው። ከተነቃባቸው ክፍሏም ትሄዳለች፣ እሳቸውም ይታሰራሉ።

"ውሻ ሲጮኽ ጥበቃ ይመጣል። ልጅ ደግሞ የሆዱን በሆዱ መያዝ አያውቅም" ይሉ ነበር። ክፋት መስሎኝ ስንት ቀን ረግሜያቸዋለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

እኔ ጣይባ ከቢስቲማ የመጣሁት ባሌ በሺር ለሚሊሻ ተወስዶ ወሬው በጠፋ በዓመቱ ነው። ሰኞ ገበያ በርበሬ እቸረችራለሁ። የአራት ዓመቷን መርየምን ይዤ ስድስት ቤት አንኳኳሁ፤ ስድስቱም ልጅቷን አዩና እምቢ አሉ። እትዬ ሸዋረጋም እምቢ ብለው ነበር። እኔ ደግሞ ወላሂ ነገረኛ ነኝ፤ ዝናቡ እየወረደብኝ ደጃፋቸው ተቀምጬ አልነሳም አልኩ።

ኋላ ልጅቷን አስገቡና ፈተኗት። ሰባት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቆሎ እያስጨበጡ እሳቸው ማን እንደሆኑ ይጠይቋታል። "አያቴ" ማለቱ ሲዋሃዳት ክፍሏን ሰጡን። ዝምድናውንም አበጁልን፦ እናቴ የእሳቸው እህት፣ እስላም አግብታ ቢስቲማ የቀረች። ወሎ ውስጥ ይሄን ማን ይጠይቃል? የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በላቸውም እንዲሁ ብሎ መዝገብ ላይ አሰፈረን።

በላቸው ግን የሚተኛ ሰው አልነበረም። በሳምንት አንዴ ይመጣና መርየምን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከረሜላ ይሰጣታል፤ እትዬ ሸዋረጋ ምኗ እንደሆኑም ይጠይቃታል። አያቴ ትለዋለች። እሱ ይስቃል፤ እኛ ላብ በላብ እንሆናለን። ከጎረቤት ልጆች ጋር እንዳትጫወት ከለከልናት። አፏን በከፈተች ቁጥር ሁለታችንም እንደነግጣለን። ምስኪን ልጄ፣ ምን አጠፋች?

ከዚያ የእትዬ ሸዋረጋ ወንድም ጋሽ ቀለሙ ገራዶ ላይ ሞቱ። እትዬ ሸዋረጋ ከእሳቸው በቀር ሌላ ወንድምም ዘመድም አልነበራቸውም። ሬሳው መጥቶ ደሴ ተቀበረ፤ ድንኳኑም ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። እትዬ ሸዋረጋ ሁለት ቀን እህል በአፋቸው አልዞረም። አንጀቴ አልቻለም። ገበያዬን ትቼ ምስር ወጥ ሠራሁና፣ ጎረቤት ለሐዘንተኛ እንደሚያደርገው፣ እንጀራውን በሌማት ተሸክሜ እዝን ይዤ ድንኳን ገባሁ። ያደግሁበት ወግ ነው፤ ምንም አላሰብኩም።

በላቸው መግቢያው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሌማቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

"ጣይባ፣ የሞቱት አጎትሽ አይደሉ?" አለ ቀስ ብሎ። "ሐዘንተኛ እዝን ይበላል እንጂ ያመጣል እንዴ?"

እትዬ ሸዋረጋ ቀና ብለው አዩኝ። መርየም ጭናቸው ላይ ተኝታ ነበር። ሌማቱን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የልጅቷን አፍ ስንጠብቅ፣ ለካ መጠበቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

በሰልስቱ ማግሥት መጡ። ክፍሏን አሸጉ፣ ዕቃዬን ውጭ ጣሉ። እኔን የሚሊሻ ሚስት ናት ብለው ተዉኝ፤ እትዬ ሸዋረጋን ከነሐዘን ልብሳቸው ወሰዷቸው። ምነው እኔን በወሰዱኝ!

በነጋታው ምግብ ይዤ ወደታሰሩበት ሄድኩ። ጥበቃው ምናቸው እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ አክስቴ ናቸው አልኩት። ወረቀት ገለጠና ራሱን ነቀነቀ።

"ዘመድ አይደለችም ተብሎ ተጽፏል። ስንቅ የሚያቀብል ዘመድ ብቻ ነው" አለኝ። "ወንድም ካላቸው እሱን ላኪው።"