የሌሊት ወፍ በድምፅ ብልጫ ወፍ የሆነችበት ዓመት

ደሴ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት የክፍሌ ኮርኒስ የሌሊት ወፎች ሰፈር ነበር። ቀን ቀን ተንጠልጥለው ይተኛሉ፤ ሽንታቸው ግን አይተኛም። በስንጥቁ እየተንጠባጠበ አንዳንዴ ተማሪ ላይ፣ አንዳንዴ ፕላዝማው ላይ ያርፋል። ፕላዝማ የምንለው ትምህርት ከሩቅ የሚተላለፍበትን ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። በውስጡ ያለችው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ትፈጥናለች፤ የእኔ ሥራ አጠገቧ ቆሜ፣ ስትጨርስ ምን እንዳለች ለልጆቹ መንገር ነበር።

ስለ ሕያዋን አመዳደብ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ያ ኮርኒስ ጠቀመኝ። ልጆቹን ወደ ላይ እንዲመለከቱ አደረግኋቸው። ክንፍ ስላላት ብቻ ወፍ አትባልም፤ ላባ የላትም፣ እንቁላል አትጥልም፣ ልጇን ታጠባለች፤ ስለዚህ መደቧ ከላምም ከእኛም ጋር ከአጥቢዎች ነው አልኳቸው። ሳይንቲስቶች የሚያዩት ዝምድናን ነው፤ ከሰፊው መደብ ተነሥተው እያጠበቡ ወደ ወገን፣ ከወገንም ወደ ዝርያ ይወርዳሉ። ልጆቹ ገባቸው። ያስቸገሩት ትልልቆቹ ናቸው።

አንድ ቀን የአንዲት ተማሪ ሻሽ ላይ ሽንታቸው ጠብ አለባትና አባቷ ተቆጥተው መጡ። ርዕሰ መምህሩ፣ ከሁሉ አስበልጦ ስብሰባ የሚወድ ሰው፣ አስጠራኝ።

«የባዮሎጂ ሰው አንቺ ነሽ። ሄደሽ የሚመለከተውን አካል አናግሪ» አለኝ።

መጀመሪያ እዚያው ደሴ አንድ የተባይ ባለሙያ ጋ ሄድኩ።

«እህል ትበላለች?» አለኝ።

«አትበላም። የምትበላው ትንኝና ቢራቢሮ ነው።»

«እንግዲያው የሥራ ባልደረባችን ናት» ብሎ ወደ ኮምቦልቻ መራኝ።

የሐረጎን ተራራ በሚኒባስ ቁልቁል ወርጄ፣ ሹራቤን አውልቄ፣ የእንስሳት ጤና ኃላፊው ፊት ቀረብኩ። እሱ የሚያውቀው የቤት እንስሳ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። የምትኖረው ቤት ውስጥ ነው ስለው ባለቤቷ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ባለቤት የላትም አልኩት። «በሉ፣ ወፍ ትሁን አውሬ ትሁን ትምህርት ቤታችሁ ወስኖ በደብዳቤ ያሳውቀን» አለ።

ርዕሰ መምህሩ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። በማግሥቱ መምህራን ሁሉ ተሰበሰብን። እኔ ላባውንም ጡቱንም አስረዳሁ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከቆላ መጥተው ደሴ ላይ ያረጁት የአማርኛ መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ወላሂ ተንኮል የለኝም። ስሟ ራሱ የሌሊት ወፍ ነው። አባቶቻችን ወፍ ያሏትን እኛ ተነሥተን ላም ልንላት ነው?»

«ላም አላልኩም ጋሼ። እርስዎ እንደሚያውቁት ስም ሌላ፣ ዝምድና ሌላ ነው። ከላም ጋር አንድ መደብ ናት ነው ያልኩት።»

መደብ የሚለውን ቃል ሲሰማ ርዕሰ መምህሩ ቀና አለ። «የመደብ ነገር ከደርግ ጋር አብቅቷል። አሁን ያለው የብሔር ብሔረሰብ ጥያቄ ነው» አለ። ፊቱን አየሁት፤ እየቀለደ አልነበረም።

የሥነ ዜጋ መምህሩም ተከተለ። «የሌሊት ወፏ ችግር የአቋም ነው። ከወፍ ጋር ወፍ፣ ከአይጥ ጋር አይጥ። ደግሞ የመንግሥት ቤት በነፃ ትኖራለች። ይኼ ኪራይ ሰብሳቢነት ነው።» ቃለ ጉባኤ ያዡ ይህንንም ጻፈው።

እጅ ወጣ። የሌሊት ወፍ በድምፅ ብልጫ ወፍ ሆነች። እንዲህ ያለ ነገር በእጅ ብልጫ አይወሰንም ብዬ ስከራከር እጄን ስላላነሣሁ ድምፀ ተአቅቦ ተብዬ ተመዘገብኩ።

ደብዳቤው ኮምቦልቻ ደርሶ ከዚያ የተላከልን የዶሮ ባለሙያ ነበር። ነጭ ጋውን የለበሰ፣ የፈንግል ክትባት በበረዶ ሣጥን የያዘ ትሑት ወጣት። ኮርኒሱን ሽቅብ አየና ጠየቀኝ።

«እንቁላል መጣል ጀምረዋል?»

«አይጥሉም። ይወልዳሉ።»

የበረዶ ሣጥኑን መሬት አስቀመጠ። «እንግዲያው ወፍ አይደሉማ።»

«እኔም የምለው ይኼንኑ ነበር።»

«ደብዳቤው ግን ወፍ ይላል። ሳልከትብ ብመለስ ምን ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ?»

በመጨረሻ የዘበኛውን ዶሮዎች አንድ በአንድ ዓይናቸው ላይ ክትባቱን ጠብ አደረገላቸውና ሥራው መጠናቀቁን አስፈርሞ ሄደ።

ለእኔ የከበደኝ ፈተናው ነው። የሌሊት ወፍ አጥቢ ናት፣ እውነት ወይስ ሐሰት ብዬ ጠይቄ ነበር። ሐሰት ያሉት ልጆች ስብሰባውን ጠቅሰው ተከራከሩኝ። ርዕሰ መምህሩ ሁለቱንም መልስ ትክክል አድርጊላቸው አለኝ፤ እምቢ አልኩ። በግምገማ ላይ «ሙያዋን ታውቃለች፤ የጋራ ውሳኔ በማክበር ረገድ ግን ክፍተት አለባት» ተባልኩ። እዚያ በጨዋ ደንብ ተቀበልኩ፤ ቤቴ ስደርስ ግን እልሁ እራቴን አላስበላኝም።

ክረምት ገብቶ ተማሪው ሲበተን፣ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ኮርኒሱ እንዲቀየር ታዘዘ። አናጢው የመጀመሪያውን ጣውላ ሲነቅል የሌሊት ወፎቹ እየተንጫጩ በመስኮት ወጡ። አንዷ ግን ከነልጇ ወለሉ ላይ ወደቀች። ጋሼና ርዕሰ መምህሩ ከእኔ ጋር ጎንበስ ብለው አዩ። ፀጉር ያላወጣች ትንሽዬ ልጅ የእናቷን ጡት በአፏ ይዛ ተጣብቃለች።

«ሱብሃነላህ፣ ታጠባለች» አሉ ጋሼ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አውፍ በይኝ ልጄ፤ ተሳስቻለሁ» አሉኝ።

ርዕሰ መምህሩ ብዙ ቆይቶ ቀና አለ። «አይቻለሁ። ግን እኮ ቃለ ጉባኤው ለበላይ አካል ተልኳል» አለ።

እናትና ልጅን በነጠላዬ ጫፍ አንሥቼ ከግቢው ጥድ ጥቅጥቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። ዝናቡ ሊመጣ ነበርና ጋሼ ጃንጥላቸውን ዘርግተው አጠገቤ ቆሙ። እናቲቱ በክንፏ ልጇን ሸፍና፣ በጥፍሯ ቅርንጫፉን ይዛ ተዘቅዝቃ ተንጠለጠለች።