የማትደርቀው አግዳሚ

ጋሽ መቀስ የቸገራቸው ነገር የሚያወራቸው ሰው ማጣት ነበር።

ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ ቅጽል ስሙንም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። በሱቁ ግድግዳ ሥር ተራ ጠባቂ የሚቀመጥባት አንዲት ረጅም አግዳሚ ነበረች። ፀጉሩን የሚቆረጠውም፣ ፀጉር የሌለውም እሷ ላይ ይውላል። መላጣው ጫማ ሰፊ እንኳ "ተራዬ አልደረሰም?" እያለ ያስቃቸው ነበር። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ሱቁን ዘጉ። አግዳሚዋን አስጭነው አመጡና ከበራቸው ውጭ፣ መንገዱ ዳር አኖሯት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የቧንቧው ጠብታ ብቻ ነው።

ማንም አልተቀመጠባትም። ወዝ ጠጥታ ጠቁራ ስለነበረች ዓይን አትስብም ነበር። ጋሽ መቀስም ሰማያዊ የዘይት ቀለም ገዝተው ቀቧት። አማረች! ግን አልደረቀችም።

ለምን? ነገሩ ደስ የሚል ነው። የዘይት ቀለም ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ይጠጥራል፤ ከሥር ደግሞ ቆንጥጦ የሚይዘው ንጹሕ እንጨት ይፈልጋል። የአግዳሚዋን መደገፊያ ግን ስንት ቅባት የጠገበ ጭንቅላት ተደግፎታል! ቅባቱ እንጨቱ ውስጥ ሰርጓል፤ ቀለሙ የሚይዘው አጣ። እሳቸው ይህን መች አውቀው! "አንሶት ነው" ብለው አንድ ወፍራም እጅ ቀለም ደረቡበት። ላዩ ቆዳ አበጀ፣ ሥሩ እንደ ማር ቀረ።

መጀመሪያ ተደግፋ የተቀመጠችው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። እሷ ስትነሳ ቀሚሷ አልተነሳም።

"ምነው ጋሽ መቀስ፣ ሰው በወጥመድ መያዝ ጀመሩ እንዴ?"

"ኧረ እኔ ልሙት ልጄ! የደረቀ መስሎኝ እኮ ነው።"

"ሰው ናፈቀኝ ቢሉኝ ሳልታሰር እመጣ ነበር!"

ሁለቱም ሳቁ። የቀሚሱ ወሬ ግን ከራሷ ቀድሞ ሰፈሩን አዳረሰ።

ጋሽ መቀስ እንደገና ጀመሩ። ቀለሙን በአሮጌ ቢላዋ ፋቁ። ከዚያ ሙቅ ውሃ፣ የልብስ ሳሙናና ብሩሽ ይዘው መደገፊያውን መፈተግ ያዙ። ሙቁ ውሃ እንጨቱን ሲነካው የሱቁ ሽታ ብድግ አለ፤ ያ የፀጉር ቅባት፣ ያ ሁሉ ሰው። ብሩሹን እንደያዙ ቆዩ። ቀለሙ እንዲደርቅ ሽታው መሄድ አለበት፤ ስለዚህ የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ አጠቡት። እንጨቱ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት፤ ቀለሙንም ስስ፣ በጣም ስስ አድርገው ቀቡ። ሁለተኛውን እጅ የደረቡት የመጀመሪያውን በአውራ ጣታቸው ጫን ብለው፣ ምንም አሻራ እንዳልቀረ ካዩ በኋላ ነው።

አሁን አግዳሚዋ አለት ሆናለች። ያልደረቀው የሰፈሩ ወሬ ነው። አላፊው ሁሉ ከሩቅ ሰላምታ ይሰጥና "ደረቀ እንዴ ጋሼ?" ይላል።

"ድሮ ደርቋል፣ ና ቁጭ በል!"

ስቆ ያልፋል። ጫማ ሰፊው ሳይቀር "ያለችኝ ሱሪ ይቺው ናት" ብሎ ቆሞ ያወራል። ቆሞ የሚያወራ ሰው ደግሞ ቶሎ ይሄዳል።

ስለዚህ ጋሽ መቀስ ከሻንጣ ውስጥ የሥራ ዘመናቸውን ነጭ ጋውን አወጡ። ጠዋት ጠዋት ይለብሱትና አግዳሚዋ ላይ ይቀመጣሉ። ሰው ብቅ ሲል ተነስተው ይዞራሉ፤ ጀርባቸውን ያሳያሉ።

ዛሬ ልብስ ሰፊዋ ቆም ብላ "እስቲ አንዴ ደግመው ይዙሩ" አለቻቸው።

ዞሩላት። ጋውኑ ነጭ እንደሆነ ነው።

"እንግዲያው ነገ ጥቁር ቀሚስ ለብሼ እመጣለሁ" ብላ እየሳቀች ሄደች።

ጋሽ መቀስ ተመልሰው አግዳሚዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ የቀረውን ቦታ ለሰው ትተው። ከመንገዱ መታጠፊያ የእግር ኮቴ ሲሰማ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለመነሳት ተዘጋጁ።