ወንድ የማይወለድበት ሰፈር

«ወንድ ልጅ የለኝም» አሉኝ እትዬ ዘነበች፣ ጥያቄዬን እንኳ ሳልጨርስ...

ዘመኑ ደርግ ነው። የሶሲዮሎጂ ተመራቂ ተማሪ ነበርኩ። ለመመረቂያ ጥናቴ ስለ ቤተሰብ ኑሮ እየጠየቅኩ አዋሳ መናኸሪያ ሰፈር ቤት ለቤት እዞራለሁ። ደንቡ ሆነና ከፊት ከፊቴ የቀበሌ ሰው ይሄዳል። ጊዜው ደግሞ ጎረምሳ ለብሔራዊ ውትድርና የሚታፈስበት ነው። እና በደረስኩበት ቤት ሁሉ ሴት እንጂ ወንድ ልጅ የለም!

እትዬ ዘነበች ግቢ ግን ገመዱ ላይ ቦላሌ ሱሪ ተሰጥቷል።

«የማን ነው እትዬ?»

«የሟች ባሌ።»

ባለቤታቸው በጃንሆይ ጊዜ እንዳረፉ ቅድም ነግረውኛል። «እና እስካሁን ይታጠባል?»

«አቧራ ይጠጣል ልጄ...» አሉ፣ ዓይናቸውን ከቀበሌው ሰው ሳይነቅሉ።

ጭንቅ ያዘኝ። አማካሪዬ እንዲህ ያለ ጥናት አይቀበለኝም፤ እሱ ካልተቀበለኝ ደግሞ ምረቃ የለም። በማግስቱ ብቻዬን ተመለስኩ።

«ቁጭ በይ» አሉኝ። «ዛሬ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ወንድም አለሽ?»

«አንድ... አፍሰው ወሰዱት። ደብዳቤው ከቀረ ቆየ።»

ይህን ስል እንባዬ መጣ። ተመራማሪ አያለቅስም ተብለን ተምረናል፤ ግን ምን ላድርግ! እትዬ ዘነበች በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝና ወደ ላይ ቀና አሉ።

«ታምራት! ውረድ፣ የኛው ሰው ናት።»

ኮርኒሱ ተንቋቋ። ፀጉሩ የሸረሪት ድር የለበሰ፣ ያንን ቦላሌ የታጠቀ ረጅም ልጅ ዱብ አለና አፈር አፈር እያለ ሰላም አለኝ።

«በይ አሁን እውነቱን ጻፊ» አሉኝ እናቱ።

እስክሪብቶዬን አነሳሁ... ልጁን አየሁት። ወንድሜ ፊቴ ድቅን አለ። እስክሪብቶውን መልሼ ከደንኩት።

«ወንድ ልጅ የለኝም ብለውኝ የለ እንዴ እትዬ?»

አቅፈው ሳሙኝ።

አማካሪዬ ጥናቴን አገላብጦ «እዚህ ሰፈር ወንድ አይወለድም?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሲ» ሰጠኝ፤ ለመመረቅ በቃኝ።

ወንድሜ ደርግ ሲወድቅ በሕይወት መጣልኝ። ሰርጌ ላይ ከሁሉ በላይ የጨፈረው እሱ ነበር። ያገባሁት ታምራትን ነው... እስከ ዛሬ ሲያናድደኝ የምለው ይህንኑ ነው፦ «አንተ ዝም በል፤ በኔ ጥናት መሠረት ገና አልተወለድክም!»